ቀለሙ ፊልሙን አልይዝ ሲል፦ ፕላዝማ ከመግዛታችሁ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። (ኮሮና የሚሉት ቀለም እንዲይዝ የፊልሙን ገጽ በኤሌክትሪክ የሚመታውን መሣሪያ ነው፤ ፕላዝማ የሚሉት በእሱ ምትክ የሚሸጠውን ማሽን ነው፤ ፍሌክሶ ደግሞ በሚለጠጥ የጎማ ቅርጽ የሚታተምበት ዘዴ ነው።)

«አዲስ አበባ ውስጥ የሹሮና የበርበሬ ማሸጊያ በፍሌክሶ እናትማለን። ፊልሙ 50 ማይክሮን ፖሊኢትሊን ነው፤ ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር። አቅራቢያችን ኮሮና የተመታ ነው ብሎ ይሸጥልናል። እንደመጣ ስናትምበት ጥሩ ነው። መጋዘን ሁለት ሦስት ወር የከረመው ግን ስኮች ለጥፈን ስንነቅል ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ማተሚያችን ላይ ባለ 1.5 ኪሎዋት ኮሮና አለ። በደቂቃ 60 ሜትር እየሄድን እስከ ጥግ ከፍተን ሞከርነው፤ የባሰ ሆነ። ጭራሽ የከረጢቱ ሲሊንግ፣ በሙቀት የተጣበቀው ጫፍ፣ መልቀቅ ጀመረ። አንድ ነጋዴ ደግሞ የኮሮና ዘመን አልፏል፣ ፕላዝማ ግዙ ይለናል። እንግዛ?»

አትግዙ። ቢያንስ አሁን አትግዙ። የዘረዘራችኋቸው ነገሮች የማሽን ማነስ ምልክቶች አይደሉም። ሁለት ችግር ነው የተደራረበባችሁ። አንዱ መጋዘን ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። ሌላው ኃይሉን እስከ ጥግ ስትከፍቱት የተጨመረ ነው። እነዚህን ለያይተን ካላየን ፕላዝማም መጥቶ ለውጥ የለውም።

ከፊልሙ እንጀምር። ፖሊኢትሊን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ገጹ ላይ ቀለም የሚጨብጠው ነገር የለም። ጎመን ዘር የጠጣ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ተንከባሎ እንደሚሸሸው፣ ቀለምም እዚህ ፊልም ላይ መዘርጋት ትቶ ይሰበሰባል። አንድ ገጽ ፈሳሽን ምን ያህል እንደሚስብ የምንለካው በገጽ ኢነርጂ ነው፤ ሥራ ቦታ «ዳይን» የምንለው ማለት ነው። ያልተነካ ፖሊኢትሊን 31 ዳይን አካባቢ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ ግን ሳይነካም ከ40 በላይ ነው። በአልኮልና በአሲቴት የሚቀጥን የፍሌክሶ ቀለም በደንብ እንዲይዝ ፊልሙ ከ38 እስከ 40 ድረስ ቢኖረው ይመረጣል። በውሃ ለሚቀጥን ቀለም ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

አሁን ነጋዴው ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። ኮሮናም ፕላዝማ ነው፤ ፕላዝማ ማለት በኤሌክትሪክ ጉልበት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የጀመረ ጋዝ ነውና። በኤሌክትሮዱና በሮለሩ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። እዚያ ላይ 10 ሺህ ቮልት ገደማ፣ በሰከንድ ከ10 ሺህ እስከ 40 ሺህ ጊዜ እየተገለባበጠ ይለቀቃል። አየሩ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። በመካከሉ የሚበሩት ኤሌክትሮኖች ፊልሙ ላይ ያለውን የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት አላቸው። ትስስሩ በተበጠሰበት ቦታ የአየሩ ኦክስጅን ይገባል። ሃይድሮክሲል፣ ካርቦኒልና ካርቦክሲል የሚባሉ ቡድኖች ይፈጠራሉ። ቀለሙ የሚጨብጠው እነሱን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከላይ ባሉት ጥቂት ናኖሜትሮች ላይ ነው። 10 ናኖሜትር ብንል እንኳ ከ50 ማይክሮን ፊልማችሁ አምስት ሺሕ አንደኛው መሆኑ ነው። እንዲህ የሳሳ ነገር በሰከንድ ክፍልፋይ ይሠራል፤ ለመበላሸትም ብዙ አይፈልግም።

ዘዴው ደግሞ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1857 ኦዞን ለማምረት የሠራው ቱቦ በዚሁ መርህ ነበር የሚሠራው። ለፕላስቲክ ፊልም ያዋለው ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቨርነር አይስቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚታተመው ፊልም አብዛኛው በዚህ መንገድ ያልፋል። ዘመኑ አልፏል የሚለው ወሬ የሽያጭ ወሬ ነው።

ወደ መጋዘኑ እንግባ። ፊልም አምራቾች የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ላይ ስሊፕ የሚባል ማንሸራተቻ ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜ ኤሩካማይድ ወይም ኦሊያማይድ ነው፤ ሰም ነገር ነው። ሥራው ፊልሙ በማሽን ላይ እንዲንሸራተት፣ ከረጢቱም እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው። ስሊፑ ፊልሙ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቀስ እያለ ወደ ገጹ ይወጣል። ኮሮናው የሠራውን ገጽ ከላይ ይሸፍነዋል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። በበጋ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከመረ ጥቅል ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ከዚህ ሌላ የፕላስቲኩ ሰንሰለቶች ራሳቸው ይገለበጣሉ። ኦክስጅን ያዘሉት ቡድኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ገጹ ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ይህ በፕላዝማ የተሠራም ላይ ይደርሳል። «አንዴ ከተመታ አይጠፋም» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። አቅራቢያችሁ ምናልባት አልዋሸም። በ42 ዳይን የወጣ ጥቅል ሦስት ወር ከርሞ 35 ወይም 36 ላይ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የዳይን ፈሳሽ ግዙ። ከ30 እስከ 46 ያሉት፣ በሁለት በሁለት እየዘለሉ፣ ይበቃችኋል። እስክሪብቶ መሳይ ማርከር አለ፣ ጠርሙስ አለ። እኔ ጠርሙሱን እመርጣለሁ። ማርከሩ የነካውን ስሊፕ በጫፉ እየሰበሰበ ለሚቀጥለው ፊልም ያወርሰዋልና ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይዋሻል። የጥቅሉን የላይኛውን ጥቂት ዙር ቁረጡና ጣሉት፤ አቧራና የእጅ ወዝ አለበት። በጥጥ እንጨት ፈሳሹን ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። ሁለት ሰከንድ ሳይሰበሰብ ከቆየ ፊልሙ ያንን ቁጥር አልፏል፤ ወደሚቀጥለው ጠርሙስ ሂዱ። ወዲያው ወደ ጠብታ ከተበታተነ አላለፈም። በግራ ጫፍ፣ በመሃልና በቀኝ ጫፍ ለኩ። በሁለቱም ገጽ ለኩ። ይህችን የመጨረሻዋን አደራ። ጥቅሉ ሲጠቀለል ተገልብጦ ያልተመታው ገጽ ላይ ሲታተም የዋለበት ፋብሪካ ብዙ ነው።

ስለ ፈሳሹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መደበኛው የዳይን ፈሳሽ የፎርማማይድና የኤቶክሲኤታኖል ድብልቅ ነው። ሁለቱም ፅንስን የሚጎዱ ናቸው። ያለ ጓንት አይነካ፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛም አትለካበት። ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ የሚሰጣችሁን ቁጥር ደግሞ ተዉት።

ቀጥሎ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። ገንዘብ አያስወጡም፤ ብዙ ግን ይናገራሉ። አንዱ ለከረመው ጥቅል ነው። ንጹሕ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሱና ፊልሙን ጥረጉት። ይድረቅና ዳይኑን ለኩ። ቁጥሩ ከጠረጋችሁ በኋላ ከፍ ካለ ኮሮናው ከሥር አለ፤ ስሊፕ ሸፍኖታል ማለት ነው። ሌላው እስከ ጥግ ከፍታችሁ ለመታችሁት ፊልም ነው። አሁን ጨርቁን በውሃ ብቻ አርሱና ጥረጉ፤ አድርቃችሁ ለኩ። ቁጥሩ ለምሳሌ ከ46 ወደ 38 ከወረደ ከልክ በላይ ተመቷል።

ለምን በውሃ ይወርዳል? ኮሮና ሲበዛ ትስስሩን ከመክፈት አልፎ ሰንሰለቱን ራሱን ይቆራርጠዋል። የተቆራረጡት አጫጭር ቁርጥራጮች ኦክስጅን ጠግበው ገጹ ላይ ልል ሆነው ይቀራሉ። ዳይን ፈሳሽ ይወዳቸዋል፤ ቁጥሩ ያምራል። ቀለሙ ግን የያዘው ፊልሙን ሳይሆን ይህን ልል ሽፋን ነው። ስኮቹ ሲነሳ ሽፋኑ ይነሳል፤ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ያያችሁት «የባሰ ሆነ» ይህ ይመስለኛል። ከፍተኛ ዳይን ሁሉ ጥሩ መያዝ ማለት አይደለም። ብዙ አታሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የመጨረሻው ዳኛ ያው ስኮቹ ነው። እሱም ቢሆን ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ቢቻል በማግስቱ ይሁን።

የእናንተን ቁጥር እናስላው። የኮሮና መጠን የሚገኘው ዋቱን ለስፋት ሲባዛ ፍጥነት በማካፈል ነው። ስፋታችሁ 0.8 ሜትር፣ ፍጥነታችሁ 60 ሜትር በደቂቃ ነው። በደቂቃ 48 ካሬ ሜትር ታሳልፋላችሁ። 1,500 ዋት ለ48 ሲካፈል 31 ይሆናል፤ በደቂቃ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 31 ዋት ማለት ነው። ለፖሊኢትሊን የተለመደው መነሻ፣ እንደ ስሊፑ መጠን፣ ከ10 እስከ 20 ነው። ለዚያውም ይህ ፊልም ፋብሪካ ላይ አንዴ ተመቷል። ድጋሚ ሲመታ የታችኛው ጫፍ ይበቃዋል። 12 ብንል 12 በ48፣ 600 ዋት ገደማ ነው። እናንተ ከሁለት እጥፍ በላይ ሰጣችሁት። ኤሌክትሮዱ ከፊልሙ የሚሰፋ ከሆነ ስሌቱን በኤሌክትሮዱ ስፋት ሥሩት፤ ጉልበቱ የሚከፋፈለው በእሱ ላይ ነውና።

እዚሁ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ሬጅስተር (የቀለሞቹን መገጣጠም) ለማስተካከል ማሽኑን 20 ሜትር ላይ ስታወርዱት ኮሮናው ያንኑ 600 ዋት ከሰጠ መጠኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ 37 አለፈ ማለት ነው። ጀነሬተሩ፣ ማለትም ለኮሮናው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን፣ ፍጥነትን የሚከተል ከሆነ ያንን አብሩት። ካልሆነ ኦፕሬተሩ በእጁ ያውርደው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የብዙ ኮሮና ጀነሬተር ሰው ካልነካው አይነሳም። ማተሚያው ይሄዳል፣ ኮሮናው ተኝቷል። ፊልሙ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። ማን ያውቃል? የሚታወቀው ደንበኛው ከረጢቱን ሲመልስ ነው።

ሲሊንጉ ለምን ለቀቀ? ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ፍንጭ ይህ ነው። ፖሊኢትሊን በሙቀት የሚጣበቀው ቀልጦ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ነው። ከመጠን በላይ ኦክስጅን የገባበት ገጽ ይህን ያስቸግራል። እናንተ ግን የመታችሁት የውጩን ገጽ ነው፤ የሚታሸገው የውስጡ ነው። ታዲያ የውስጡ እንዴት ተመታ? መልሱ ከፊልሙ በስተኋላ ነው። ፊልሙ ሮለሩ ላይ በደንብ ካልተኛ በመካከል አየር ይገባል። ያ አየር ራሱ ፕላዝማ ይሆናል፤ የፊልሙንም ጀርባ ይመታል። ኃይሉ ሲጨምር ይህም ይጨምራል።

አሁን ሄዳችሁ የጀርባውን ዳይን ለኩ። ከ30 እስከ 32 ካለ ሰላም ነው። 36 ካሳያችሁ የሲሊንጉ ሌባ ተይዟል። ያኔ ፊልሙን ሮለሩ ላይ የሚጫነውን የጎማ ሮለር ተመልከቱ፤ ጫፍና ጫፉ እኩል ይጫናል? ተበልቷል? የፊልሙ ውጥረት ላልቷል? ተሸብሽቦ ነው የሚገባው? ሮለሩ የሲሊኮን ጎማ የለበሰ ከሆነ ጎማውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ በእርግጥ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ዋናው ማጥፊያ ወርዶ። መብራቱን አጥፍታችሁም ኮሮናው ሲሠራ በመስኮቱ ተመልከቱ። ጤነኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ሐምራዊ ብርሃን ነው። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ብልጭታ ቆሞ ከታየ እዚያ ጎማው ተበስቷል። ኤሌክትሪኩ በሙሉ ወደዚያ ቀዳዳ ይሮጣል። ፊልሙ ይበሳል፤ በተቀረው ስፋት ላይ ያለው መጠን ያንሳል። ክፍተቱንም በመለኪያ ቅጠል ከግራ እስከ ቀኝ አረጋግጡ። ከአንዱ ጫፍ 1 ሚሊሜትር፣ ከሌላው 2 ከሆነ ሕትመቱም በአንድ ጎን ብቻ ይላቀቃል።

የውጭ መመሪያ ላይ እምብዛም የማታገኙት ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። የአየር ግፊታችን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሳሳ ያለ አየር ባነሰ ቮልት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ ክፍተቱ ውስጥ ኮሮናው ቀድሞ ይነሳል፤ ደስ ይላል። ግን ባልተፈለገ ቦታም፣ በኢንሱሌተሩ ላይና በኬብሉ ጫፍ፣ መዝለል ይቀልለዋል። ማቀዝቀዣው ነፋስም ሳስቷል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነደፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ጀነሬተራችሁን እስከ ጥግ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ማስኬድ እዚህ ከተማ ውስጥ አዋቂ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ወደፊት ማንኛውንም ማሽን ስታዝዙ፣ ፕላዝማም ይሁን ኮሮና፣ ከፍታውን በጽሑፍ አስገቡ።

ክረምት ሲሆን እርጥበቱም አለ። እርጥብ አየር ኮሮናውን ያዳክመዋል። ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣ ጥቅል ላይም ጤዛ ይይዛል። ከማተማችሁ አንድ ቀን በፊት ጥቅሉን ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ አሳድሩት። በብርዱ ምክንያት ግን መስኮት ዘግታችሁ ኮሮናውን አትክፈቱ። ኮሮናው ሲሠራ የሚሸታችሁ ከአየሩ ኦክስጅን የሚፈጠር ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው። በሥራ ቦታ የሚፈቀደው የተለመደ ጣሪያ ከሚሊዮን የአየር እጅ 0.1 እጅ ነው፤ አፍንጫ ከዚያ በታችም ይሸተዋል። ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ከሆነ መምጠጫው አልሠራም ወይም ቱቦው ተቀድዷል። ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር እንጂ።

እግረ መንገዴን፣ ማሽኑ እንዲለሰልስ ብሎ የሲሊኮን ስፕሬይ የሚነፋ ሠራተኛ ካለ ቆርቆሮውን ውሰዱበት። ሲሊኮን ያረፈበት ፊልም ላይ ኮሮናም ፕላዝማም አይረዳም። ቀለሙን በአልኮል ከልክ በላይ ማቅጠንም እንዲሁ ነው። የቀለሙ ማጣበቂያ ሳስቶ ሳለ ፊልሙን መውቀስ አይገባም። የቀለሙን ዓይነትም አረጋግጡ። በፖሊኢትሊን የውጭ ገጽ ላይ ለሚታተም ሥራ ፖሊአማይድ ያለበት ቀለም የተለመደ ነው። በሁለት ፊልም መካከል ለሚቀበር ሕትመት የተሠራ ቀለም ገዝታችሁ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

ፕላዝማው ታዲያ ለማን ነው? ክፉ ነገር አይደለም። ነጋዴው የሚሸጠው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራው ነው። ዕቃው የሚገባበት የታሸገ ክፍል አየሩ በፓምፕ ይሳብና ኦክስጅን፣ አርጎን ወይም ሌላ ጋዝ ይገባል። እኩል፣ ንጹሕና በልክ የሚመጠን ሥራ ይሠራል። ሕዋስ የሚያድግበት የላቦራቶሪ ፖሊስቲሪን ሳህን፣ የሕክምና ዕቃ፣ የመኪና ክፍል በዚህ ያልፋል። ጋዙን በመቀየር ገጹን ውሃ ወዳድ ወይም ውሃ ጠል ማድረግም ይቻላል። ለፊልም ግን ጥቅሉ በሙሉ አየሩ የተሳበ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት። ፓምፕ፣ የሚጠብቅ ሰው፣ መለዋወጫ፣ በየጥቅሉ የሚባክን ጊዜ። ለሹሮ ከረጢት ይህ አይከፍልም።

ሁለተኛው በተራ የአየር ግፊት፣ ነገር ግን በናይትሮጅን ወይም በሌላ ጋዝ የሚሠራው ነው። ኮሮና ይመስላል፤ ልዩነቱ ክፍተቱ ውስጥ የምታስገቡት ጋዝ ነው። ሥራው ለስለስ ያለ ነው፤ ፊልም የመብሳቱና ጀርባ የመምታቱ ነገር ይቀንሳል፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ግን ጋዙ የዕለት ወጪ ነው። ሲሊንደር ባልመጣበት ቀን ሥራ የለም። ለአንዳንድ ስስ ፖሊፕሮፒሊን ፊልምና ለላሚኔሽን (ፊልም በፊልም ላይ ለመለጠፍ) ዋጋው ይወጣ ይሆናል። ለእናንተ አሁን አይታየኝም። ስሊፕ ለተጫነው ገጽ ደግሞ ሁለቱም ፍቱን መድኃኒት አይደሉም።

ከአቅራቢያችሁ ጋር ግን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ፊልሙ ከኤክስትሩደር፣ ማለትም ፕላስቲኩን አቅልጦ ፊልም ከሚያወጣው ማሽን፣ እንደወጣ፣ ስሊፑ ገና ገጹ ላይ ሳይወጣ በኮሮና መመታት አለበት። ያኔ ያልተመታ ፊልም ከወራት በኋላ እናንተ ጋ ቢመታ እጅግ ያስቸግራል። በ40 ወይም 42 ይውጣ በሉት። ለሕትመት የሚሆን ዝቅተኛ ስሊፕ ይጠቀም። የተመታበት ቀንና የተመታው ገጽ ጥቅሉ ላይ ይጻፍ። እናንተ በበኩላችሁ ጥቅል ሲገባ ለኩ፤ 38 ካልሞላ ያኔውኑ መልሱት። ከወር በኋላ ሄዶ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ወር ሁለት ወር የሚበቃችሁን ብቻ ግዙ፤ ቆርቆሮው ሥር አትከምሩት።

ማተሚያው ላይ ያለውን ኮሮና ከ600 ዋት ጀምሩና 100፣ 100 እየጨመራችሁ ከረመ ባላችሁት ጥቅል ላይ አትሙበት። በየደረጃው ጥቂት ሜትር ቆርጣችሁ ዋቱን ጻፉበት። ዳይኑን ወዲያው፣ ስኮቹን በማግስቱ፣ ሲሊንጉንም አብራችሁ ፈትኑ። ስኮቹ ቀለም ማንሳት ያቆመበት የመጀመሪያው ዋት የእናንተ ቁጥር ነው። ከእሱ በላይ አትሂዱ። እስከ 1,000 ዋት ደርሳችሁም ካልያዘ ያ ጥቅል ስሊፕ በዝቶበታል፤ ለማይታተም ከረጢት አውሉት።

ነጋዴው አሁንም ከወተወታችሁ ከዚያው ከከረመው ጥቅል ቆርጣችሁ ስጡት። በሚሸጠው ማሽን መትቶ ያምጣ። በዚያው ዕለት ግማሹን አትሙበት፤ ግማሹን ጠቅልላችሁ ወር አቆዩና አትሙበት። ሁለቱንም በስኮች ፈትኑ። ዋጋ የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።